የጎረቤት ሳህን

ፋሲካ ካለፈ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ በአያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጃችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ከማቀዝቀዣው ላይ በንጹሕ ፎጣ የተሸፈነ ሳህን አየንና የማን መሆኑን ጠየቅነው። «ከላይ ፎቅ ያሉት እትዬ በበዓሉ ዕለት ዶሮና ድፎ ዳቦ የላኩበት ነው። ባዶውን መመለስ አፈርሁ፤ ወጥ መሥራትም አላውቅ» አለን። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሊያቀራርብ የተላከ ምግብ እንዲህ ሲያራርቅ ማየት ያሳዝናል።

ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይመስለንም። የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያትና ወደ ቦሌ አራብሳ ከተስፋፋ ወዲህ፣ አብዛኛው ነዋሪ ቤቱን ያገኘው በዕጣ ነው፤ ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም። በቀድሞው የቀበሌ ግቢ ማን እንጀራ እንደ ጋገረ ጢሱ ይናገር ነበር፤ የጎረቤት ልጅም እንጎቻውን ሳይቀበል አይሄድም ነበር። ሕንፃዎቹን የነደፉት ሰዎች ይህን አልዘነጉትም፤ ለማብሰያ፣ ለከብት ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት አስበውላቸዋል። ቤቱ ቢኖርም በየፎቁ ያለው በር ግን እንደ ተዘጋ ነው።

ወጣቶች በተለይ የሚቸገሩበት ነገር አለ። በአንድ ደረጃ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች «ቅር ይላቸው ይሆናል» ብለው ጭራሹን መላኩን ይተዉታል። እናቶቻችን ግን መንገዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሥጋው በየቤቱ ይቀራል፤ ቆሎው፣ ፍራፍሬው፣ ቡናው ይሻገራል። ሠርግ የሆነ እንደ ሆነም ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻ ይሰናዳል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ፣ በዘይት የተጠበሰው የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጿሚዎች የሚሆን ነበር። ምን እንደሚበሉ ያላወቀ ሰው ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም፤ እንዲያውም መጠየቁ ራሱ እንደ አክብሮት ይቆጠርለታል።

ይህን ስንል ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ከደመወዙ ድግስ ይደግስ ማለታችን አይደለም። እንጀራውን ከሱቅ የሚገዛ ሰው ዶሮ በዶሮ ልመልስ ቢል ሳህኑ ዓመት ይቀመጣል። እትዬም የላኩት ብድር አስይዘው አይደለም።

ደግሞ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ገበያ ወርዶ መውጣት የከበዳቸው አዛውንት አሉ። ታመው ሁለት ቀን ሳይታዩ ቢቀሩ በራቸውን ማን ያንኳኳል? ሳህን ይዞ መምጣት የለመደ ጎረቤት ካልሆነ ሌላውማ መታመማቸውን በምን ያውቃል?

ወዳጃችንን በዚህ ስንከራከረው ቆይተን፣ በመጨረሻ ከምድር ቤቱ ሱቅ ስንዴና ሱፍ ገዝቶ መጣና ቆላ። ጥቂቱን አሳረረው፤ ለቅመን ጣልንለት። ሳህኑን ሞልቶ ወደ ላይ ወጣ። ቶሎ ይመለሳል ብለን ብንጠብቅ ቀረ። ኋላ አንድ ሕፃን እየሮጠ ወርዶ፣ «ቶናው እየፈላ ነው፤ እናንተም ኑ ተብላችኋል» አለን።