ጀልባ ከመግዛት አስቀድሞ ወንዙን ማወቅ ይገባል

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ ዓሣን ማጥመድ ግን ከመብላቱ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። ይህም በይበልጥ የሚታየው ገንዘቡን አጠራቅሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ትንሽ ጀልባ በሚገዛ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጀልባዋን በገዛባት ቀን ባለሀብት የሆነ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን መረብ የሌላት፣ የሚጠግናት የሌላት፣ ወንዙን የሚያውቅ ቀዛፊ የሌላት ጀልባ ሀብት ሳትሆን ዕዳ ናት።

ይህ ነገር በዛሬዪቱ ካርቱም እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የተነሣው ጦርነት የከተማይቱን ሱቅና ፋብሪካ፣ መሥሪያ ቤትና ገበያ አፈራርሶ ሕዝቧን በትኗል። የሱዳን ጦር በ2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቀየው ተመልሷል። ደመወዙ የተቋረጠበት፣ ሱቁም የተዘረፈበት ሰው ዓይኑን ወደ ወንዙ ቢያቀና የሚያስገርም አይሆንም፤ ወንዙን ማንም ጭኖ ሊወስደው አልቻለምና። ይሁን እንጂ ለጀልባ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚስት ወርቅ ተሽጦ ወይም ከዘመድ ብድር ተሰብስቦ የተገኘ የመጨረሻ ጥሪት ነው። በግዢው ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የአንድን ቤት የዕለት ጉርስ የሚነካ በመሆኑ፣ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው።

ካርቱም ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዐባይ በክረምት ደለል ተሸክሞ ሲሞላ፣ ከደቡብ በዝግታ የሚመጣውን ነጭ ዐባይ ይገታዋል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ጥቁሩ ጐድሎ ነጩ ይበረታል። ከከተማይቱ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና በ1937 የተፈጸመው የጀበል አውሊያ ግድብም ነጭ ዐባይን እንደ ሐይቅ አስፍቶታል። በተለመደው አሠራር ውኃው ከሐምሌ ጀምሮ ይጠራቀማል፤ የካቲት ካለፈ በኋላም ይለቀቃል። ውኃው ሲሰፋ ዓሣው ይበተናል፤ ሲጠብ ይከማቻል። እንዲሁም ከግንቦት እስከ ሐምሌ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በድንገት እየተነሣ ትንሽ ጀልባን ሊገለብጥ ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የጥቁር ዐባይን ጎርፍ በዓመቱ ወራት ላይ ስለሚያከፋፍለው፣ ከአባቶች የተወረሰው የጎርፍ ቀን ቆጠራ እንደ ቀድሞው የማይሠራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የዱሮውን ልማድ የሚያውቅ ሰው እንኳ እንደገና ተማሪ መሆኑ አይቀርም።

እንግዲህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ጀማሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ቢያንስ አንድ የሙላት ወራትና አንድ የጉድለት ወራት በድርሻ ቢሠራ ይሻለዋል። መረብ የሚጣልበትን ሰዓት፣ ጉቶና ድንጋይ የተደበቀበትን ስፍራ፣ ነፋስ ሲመጣ የሚሸሸግበትን ዳር የሚያስተምረው መጽሐፍ ሳይሆን መቅዘፊያው ነው።

«የተራበ ሰው ዓመት ሙሉ ይጠብቅ ማለት ጭካኔ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት ያለበት ነው። ነገር ግን በድርሻ የሚሠራ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። በብዙ አገር ዓሣ አጥማጆች ዘንድ እንደሚደረገው፣ ወጪው ከተነሣ በኋላ ገቢው ለጀልባው፣ ለመረቡና ለሠራተኛው ይከፈላል። ስለዚህ ሠራተኛው የዕለት ምግቡን እያገኘ ጥሪቱን ሳይነካ ይማራል። ከዚህም ሌላ አስቀድሞ መረብ ገዝቶ በሰው ጀልባ ላይ ቢሠራበት የመረቡን ድርሻ ጭምር ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ጀልባዋ የምትገዛው በመጨረሻ ነው፤ ትክክለኛውም ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

የመግዣው ጊዜ ሲደርስ ጀልባዋን መመርመር ይገባል። የሱዳን ነባር ጀልባ የሚሠራው ሱንት ከሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ይህ እንጨት ጠንካራና ውኃ የማይደፍረው ቢሆንም ረጅም ሳንቃ አይወጣውም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ አጫጭር ሳንቃዎችን ጐን ለጐን በምስማር እያያያዙ፣ ያለ ጐድን አጥንት ይገነቡታል። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት፣ የግብፅ ሰዎች ከግራር የተቈረጡ አጫጭር ሳንቃዎችን እንደ ጡብ ደርድረው ጀልባ እንደሚሠሩ ጽፎ ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር የጀልባዋ ብርታት በሙሉ በመጋጠሚያዋና በምስማሯ ላይ ነው። በመሆኑም ገዢው ቀለሟን አይቶ አይፍረድ። ውኃ በሚነካት መሥመር ላይ ሳንቃውን በሰንጢ ጫፍ ይውጋ፤ ሰንጢው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። የምስማሮቹን ዝገት ይመልከት። ከሁሉም በላይ ጀልባዋን አንድ ሌሊት ውኃ ላይ አሳድሮ በማለዳ የገባውን ውኃ ይለካ። ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን የቆየች ጀልባ እንጨቷ ስለሚኮማተር መጀመሪያ ብታፈስስ አያስደነግጥም፤ እንጨቱ ርሶ ካበጠ በኋላም ማፍሰሷን ካልተወች ግን መተው ይበጃል። ከላሜራ የተበየደች እንደ ሆነች ደግሞ ብየዳዋንና ወለሏን ይመርምር፤ ዝገት ከውስጥ ይጀምራልና። ለሁለቱም ቢሆን አንድ የጀልባ ሠሪ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ክርክር የተሻለ ነው።

በገንዘቡ አከፋፈል ረገድ ጀማሪው ካለው ጥሪት ከግማሹ የበለጠውን በጀልባዋ ላይ ባያውል መልካም ነው። የቀረው ለመረብ፣ ለመጠገኛና ለክፉ ቀን ይቀመጥ። አንድ መረብ ብቻ ያለው ሰው መረቡ በተቀደደ ቀን ሥራ ፈት ይሆናል። በ1958 በነጭ ዐባይ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም መረብን ጠቅልሎ እንደሚወስድ የዚያ ወንዝ ሰዎች ያውቁታል። ሞተርም ቢሆን ነዳጁና ጥገናው የዕለቱን ገቢ ሊበላው ስለሚችል፣ በመቅዘፊያና በሸራ ጀምሮ ትርፍ ሲገኝ ቢጨመር ይሻላል።

ከመረቡ ቀጥሎ የሚታሰበው በረዶና ጨው ነው። የካርቱም ሙቀት በግንቦት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በማለዳ የወጣ ዓሣ እስከ ቀትር ሊበላሽ ይችላል። በኦምዱርማን መውረዳ ገበያ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ትኩስ ዓሣ ነው። በረዶ በማይገኝበት ቀን ግን ሱዳኖች ፈሲኽ ብለው እንደሚያዘጋጁት ዓሣውን በጨው ማቆየት ኪሳራን ይከላከላል። ጨው የሌለው ጀልባ ባለቤት በገዢው ዋጋ ይሸጣል፤ ጨው ያለው ግን እስከ ነገ መታገሥ ይችላል።

የመረቡ ዓይን ስፋትም የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ጉዳይ ነው። ሱዳኖች ቡልጢ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እናቲቱ ዕንቊላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናት፤ እርሷን ያለ ጊዜዋ መያዝ መንጋውን መፍጀት ነው። ለዚህ ምስክሩ ከጥቁር ዐባይ መነሻ ከጣና ሐይቅ ይገኛል። በዚያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ለብዙ ዘመን ከደንገል በተሠራ ታንኳ በዳር በዳሩ ይሠሩ ነበር። በ1986 በሆላንዳውያን ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ብዙ ሰውም ተጠቀመ። ነገር ግን በክረምት ዕንቊላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡት የጣና ነጭ ዓሦች በወንዞቹ አፍ ላይ እየተጠበቁ ስለተያዙ፣ ተመራማሪዎች የ1991ንና የ2001ን መጠን ሲያወዳድሩ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። በአንድ ትውልድ ውስጥ ጀልባው በዛ፤ ዓሣው ግን አነሰ።

ሱዳን በ1954 የወጣ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ሕግ ያላት አገር ናት። ጀማሪው ፈቃዱን አስቀድሞ ቢያወጣ ክርክርና ቅጣት አይደርስበትም። ከመሥሪያ ቤቶችና ከርዳታ ድርጅቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይጠበቃል። ተመላሾችን ለመርዳት ጀልባ ማደል ፎቶግራፍ ለማንሣት የተመቸ ሥራ ነው፤ ሆኖም መረብ፣ በረዶ ቤትና የጀልባ ሠሪ በሌለበት ቦታ የታደለው ጀልባ ከጥቂት ዓመት በኋላ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ብድሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ፣ መጀመሪያ ለመረብ፣ ቀጥሎ በድርሻ ሠርቶ ለተፈተነ ሰው ለጀልባ ቢሰጥ፣ ተበዳሪውም አበዳሪውም ይጠቀማሉ።

ወንዙ ብዙ መንግሥትና ብዙ ጦርነት አሳልፏል፤ ለሚታገሠውም ምግቡን አልነሣም። የራሱን ጀልባ የሚመኝ ሰው አንድ ዓመት ቢዘገይ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ቢቸኩል ግን የሚያጣው የቤተሰቡን ጥሪት ነው።