ድምፁን አታስጠፉ

የሠፈሬ ሰዎች፣ እኩዮቼ፤ ባለፈው የእድር ስብሰባ ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲነሣ ሁላችሁም በአንድ አፍ "ያጥፉልን" ስትሉ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ከየግቢው እንደ ንብ የሚተምመው ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል ማለታችሁ እውነት ነው። እኔ ግን ከእናንተ ቀድሜ አስጠፍቼዋለሁ። ያስከተለውን ሳልነግራችሁ ነገሩ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ ዕዳው የእኔ ነው።

ልጄ መኪናዋን የገዛው በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ ነው። ሥራው ያመሸዋል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ኋላ እያለ ግቢ ሲያስገባት ድምፁ በመኝታዬ መስኮት ሥር ያልፋል። "ይኼን ነገር አጥፋልኝ" አልኩት። የአባት ቃል ነውና እሺ አለ። መሪው አጠገብ ያለውን ስክሪን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው፤ ጠፋ። ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

ከእኛ ግቢ ዝቅ ብለው የሚኖሩትን አባት ታውቋቸዋላችሁ። በወጣትነታቸው ለሕክምና ከገጠር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የሥጋ ደዌ ዐይንን እንዴት እንደሚወስድ በዚህ ሠፈር ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የዐይን ቆብ ነርቭ ይደክማል፣ ዐይን መርገብገብ ያቅተዋል፣ አቧራ ሲገባበትም ስሜቱ ስለጠፋ ሰውየው አያውቅም። እንዲህ እያለ ብርሃኑ ያልቃል። የእሳቸው እግርም ድንጋይ ቢወጋው አይነግራቸውም። የቀራቸው በትርና ጆሮ ነው፤ በጆሯቸው ግን የሁላችንንም በር ለይተው ያውቃሉ።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ለኪዳን ወጥተው አጥሩን ተከትለው ሲሄዱ ልጄ መኪናዋን ከበር አወጣ። በግራም በቀኝም ግንብ ነው፤ አፍንጫዋ መንገዱ ላይ ሳይደርስ ሹፌሩ ጎንና ጎኑን አያይም። በትራቸው የፊት ጎማው ሥር ገብታ ቀጭ አለች፤ እሳቸውም በጎናቸው ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፣ ተመስገን። ልጄ ዘሎ ወርዶ ሲያነሣቸው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "መኪና አለ እንዴ?"

ወድቀው እንኳ የጣላቸው ምን እንደሆነ አላወቁም። ይህን ቃል ተሸክሜ ነው ስብሰባው ላይ የተቀመጥኩት።

ሠፈራችን ዘነበወርቅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በተሠራው ሆስፒታል ዙሪያ የበቀለ ሠፈር ነው። በ1958 የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከሉ አለርት ሲቋቋም ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ሕመምተኛ በረከተ። ሌላው ሰው ሲሸሻቸው እዚህ ጎጆ ቀለሱ፣ ልጅ ወለዱ፣ እድርም አቋቋሙ። በሌላ ሠፈር ቢሆን ዝምተኛ መኪና ያስመሰግን ይሆናል። በእኛ ሠፈር ግን በጆሮ የሚሄድ ሰው ቤቱ ነው።

በሹፌርነት ባሳለፍኩት ዘመን ኤንትሬ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ስታቃስት ሳላያት በስንተኛ ማርሽ እንዳለች አውቅ ነበር። የዛሬዋ መኪና በዝግታ ስትሄድ ከጎማዋ ሥር ከሚንቋቋው ጠጠር በቀር ምንም አታሰማም። ስትፈጥንማ ጎማውና ነፋሱ ራሱ ይናገራል። አደጋው እዚህ እኛ በር ላይ ነው፣ እግረኛና መኪና በሚተሻሹበት።

ሌላው አገር ይህን ከተገነዘበው ቆይቷል። ከአደጋው ወዲህ ልጆቼን እያስነበብኩ ሰማሁት። በአውሮፓ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድና ወደ ኋላ ሲል ድምፅ የማሰማት ግዴታ አለበት። በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ከ56 ዴሲቤል እንዳያንስ፣ ከ75 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ታችኛው ልክ ሁለት ሰዎች ዝግ ብለው ሲነጋገሩ ያህል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ መጀመሪያ ለሹፌሩ ማጥፊያ ቁልፍ ፈቅዶ ነበር፤ በኋላ ከለከለው። እኔ ልጄን ያስነካሁት ያንኑ ቁልፍ ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ ባለመኪናው ድምፁን እንደ ልቡ ይምረጥ የሚል ሐሳብ በ2019 እ.ኤ.አ. አቅርበው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ጣሉት። በዚያው ዓመት ቴስላ 578,607 መኪኖቹን እንዲያስተካክል ተገዷል። በውጭ ድምፅ ማጉያው ባለቤቱ ያሻውን፣ የፍየል ድምፅ ሳይቀር፣ እየሄደ ማሰማት ይችል ስለነበር ማስጠንቀቂያው ይዋጣል ተብሎ ነው። የወደደውን የሚመርጠው መኪናው ውስጥ ያለው ነው። የሚገጨው ውጭ ያለው ነው። እኛም አልጋችን ላይ ሆነን ስንመርጥ ከመኪናው ውስጥ ካለው አንለይም።

ደግሞስ እኛ ራሳችን እስከ መቼ እንሰማለን? ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ለዚህ ለእኛ የሚበጅ ነገር በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ውስጥ አለ፤ ከድምፁ ቢያንስ አንዱ ክፍል ከ1,600 ኸርዝ ያልበለጠ፣ ወፈር ያለ እንዲሆን ያዛል። መኪናው ሲፈጥንም ድምፁ እየቀጠነ እንዲሄድ ያዛል፤ ሰሚው እየቀረበ ያለው ነገር ፈጣን ይሁን ዝግተኛ እንዲለይ። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይህም ቢሆን በጭንቅ ነው የሚሰማው። ዐይናችን ሞራ ለብሶ፣ ጆሯችን ደክሞ፣ ያለችንን ጥቂት ድምፅ በገዛ አፋችን እናስጠፋ?

በመጪው ስብሰባ ይህ ነገር ተመልሶ ሲነሣ እጃችሁን እንዳታወጡ እለምናችኋለሁ። ከዚያ በፊት ከየቤታችሁ ውጡና አጥሩ ሥር ቁሙ። ዐይናችሁን ጨፍኑ። የልጄ መኪና ድምፁን አጥፍታ ትምጣ፣ ከዚያ ከፍታ ትምጣ። የትኛው ጋ እንደደነገጣችሁ ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ።

ድምፁን ያኔውኑ አስመልሼዋለሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በመስኮቴ ሥር ያልፋል፤ እነቃለሁ። ልጄ ለእኚያ አባት አዲስ በትር ገዝቶ ወሰደላቸው። ንጋት ላይ መኪናዋ ስትነሣ መስኮቱን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ከግንቡ ወዲያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቆማሉ፣ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በትሩ መሬቱን ሲነካ ይሰማኛል።