‹‹አለ›› የተባለው ግሥ የማን ነው?

በክርክር መካከል ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም ‹‹የወላይታ ቋንቋ ‹ዝም አለ› የሚለውን አነጋገር ከአማርኛ ተውሶ ወደ ራሱ ተረጐመው›› የሚል ነው። ተናጋሪዎቹ ክፋት የላቸው ይሆናል፤ ሆኖም ነገሩን የተረዱት ገልብጠው ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከሥሩ እንነሣ። አማርኛው ‹‹አለ›› ላልቶ ሲነበብ የግዕዙ ‹‹ብህለ›› ልጅ ነው። (ጠብቆ የሚነበበው ‹‹አለ›› መኖርን የሚያመለክት ሌላ ግሥ ነው፤ ፊደላችን ሁለቱን ባለመለየቱ ስንቱን የውጭ አገር ተማሪ ላብ አስጠምቋል!) ‹‹በ›› ከ‹‹አለ›› ላይ ጠፋ ሲሉት ‹‹ብሎ፣ በል፣ ይበል፣ ባይ›› በሚሉት ላይ ብቅ ይላል። ትግርኛ ‹‹በለ›› ብሎ ጠብቆታል፤ የቸሃ ጉራጌ ደግሞ ‹‹ለ››ን ወደ ‹‹ረ›› ለውጦ ‹‹ባረም›› ይላል። ዛሬ በየስብሰባው የምናነሣው ‹‹ባህል›› የተባለው ቃል እንኳ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ አባቶች ያሉት፣ ሲባል የኖረ ማለት ነው።

የላቲኑም ‹‹ዲኬሬ›› ዕጣው ይኸው ነበር። በጣልያን ‹‹ዲሬ››፣ በፈረንሳይ ‹‹ዲር››፣ በእስፓኝ ‹‹ዴሲር››፣ በሩማንያ ‹‹ዚቼ›› ሆነ። ፈረንሳዊው የአንድን ቃል ትርጉም ሲያስረዳ ‹‹ሊል ይፈልጋል›› ይላል፤ ጣልያኑም እስፓኙም እንደዚሁ። እኛ ግን ፍላጎቱን ሳንጨምር በቀጥታ ‹‹ማለት ነው›› እንላለን። ኦሮምኛም ‹‹ጄቹን››፣ የወላይታ ቋንቋም ‹‹ጊዮጌ›› ሲል ያው የማለት ግሥ ነው። በዚህስ እኛ ቆራጦች ነን።

አሁን ወደ ክርክሩ። ግዕዝ ‹‹ኦሆ ይቤ››፣ ‹‹እንቢ ይቤ›› የመሰሉ ጥቂት ጥምር አነጋገሮች ነበሩት። አማርኛ ግን ‹‹ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ጸጥ አለ፣ ብልጭ አለ›› እያለ ቆጥሮ የማይዘልቀው ሀብት አከማቸ። ይህ ከየት መጣ? ኦሮምኛ ‹‹ጨል ጄዼ›› ይላል፤ ወላይታ ‹‹ጮኡ ጊስ›› ይላል፤ ሁለቱም ‹‹ዝም አለ›› ናቸው። ‹‹ጄዼ››ም ሆነ ‹‹ጊስ›› ከ‹‹ብህለ›› ጋር በድምፅ አይገናኙም፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ዘር ሳይለዩ ከሚጋሯቸው ጠባዮች መካከል ይህን አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ብዙዎች ሊቃውንትም ሴማዊው አማርኛ አሠራሩን ያገኘው ከኩሻዊ ጎረቤቶቹ ነው ይላሉ። ወላይታ ራሱ አበዳሪ ነበር አልልም፤ ለአማርኛ ቅርቡ አገው ነበርና። ነገር ግን ተበዳሪው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ቃሉ የግዕዝ ነው፣ አያያዙ የጎረቤት ነው። የወላይታን ጥምር ግሦች ማጥናት የሚወድ የአዜብ አምሃን ሥራ ፈልጎ ያንብብ።

‹‹ይህ ሁሉ የሰዋስው ሊቅ ጨዋታ ነው፤ ለኛ ምን ይፈይዳል?›› የሚል ወንድም አይጠፋም። ይህን የሚል ወደ ኦቶና ይምጣ። ኦቶና የዩኒቨርሲቲያችን የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለበት ስፍራ ነው፤ የሕክምና ተማሪዎችም ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ይመጣሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው ግን የሚታመመው በእንግሊዝኛ አይደለም። ‹‹ጎኔን ውግት ያደርገኛል፣ ዐይኔ ብዥ ይልብኛል፣ ጆሮዬ ጭው ይላል›› ይላል እንጂ። ከዚያም በላይ ‹‹ደከም አለኝ›› እና ‹‹ድክም አለኝ›› አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥቂት ድካም ነው፤ ሁለተኛው ጕልበት ከድቶ መዝለፍለፍ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ‹‹ፋቲግ›› ተብለው ይጻፋሉ። ልዩነቱ ያለው በሁለት ፊደላት አነባበብ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ ይተኛ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪው ሐኪም ይህን በጆሮው ይለየዋል። ከገጠር የመጣችው እናት ግን በወላይታ ቋንቋ በ‹‹ጊስ›› ስትናገር ማን ይለይላታል? አስተርጓሚ አለ ይባላል። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የገዛ ልጇ ነው፤ እሷ አራት ቃል አስተካክላ የነገረችውን እሱ ‹‹ደክሟታል›› ብሎ ይደመድመዋል። ልጁን አልወቅስም፤ ተርጉም ሲባል የተማረው ስም ለስም መለወጥ ነው፤ የሕመሙ ልክ ያለው ግን ከ‹‹ጊስ›› በፊት በምትገባው ቃል ላይ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽ ነው። ተማሪው ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያሉትን የሕመም ቃላት፣ ሠላሳ ያህል እንኳ ቢሆኑ፣ ከነልካቸው ይማር፤ ፈተናም ይሁንበት። ጊዜ የለም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም፤ የላቲንና የግሪክ የአጥንት ስም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሠላሳ ቃል አያቅተውም። ይህችን መጽሔት የሚያባዛው መኪና አንዲት ተጨማሪ ወረቀት አይከብደውም። ቃላቱን መሰብሰብ ግን የሐኪሞች ሥራ ብቻ አይደለም፤ የወላይታ ልጆች የሆናችሁ አንባቢዎች ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ ‹‹ደከም››ንና ‹‹ድክም››ን በምን ቃል እንደሚለዩ ጽፋችሁ አምጡልን።