ጭስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም



በአሜሪካ የምትኖሩ ተከታታዮቼ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ማሪዋና ካልተጨሰ ምን ችግር አለው?» ሜሪላንድ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ሰዎች ስለፈቀደች ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭስ የሌላቸውን መንገዶች እንያቸው።

1. በቬፕ የሚሳብ፦ አይቃጠልም፣ በሙቀት ይተናል። ተኑ ግን የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ በአሜሪካ ከ2,800 በላይ ሰዎች በቬፕ ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ 68ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተጠቀሙት የማሪዋናው አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ ያለበትን ቬፕ ነበር።

2. ከምላስ ሥር የሚደረግ ጠብታ፦ ሳንባን አይነካም፣ መጠኑንም መለካት ይቻላል። ቶሎ ከተዋጠ ግን እንደሚበላው ዓይነት ይሆናል።

3. የሚበላ (ጋሚ፣ ቸኮሌት፣ ኩኪስ)፦ ስሜቱ የሚመጣው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ሰው «አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡበታል። ለብዙ ሰዓትም ይቆያል።

ለአዋቂ ሳንባ ከሆነ የሚበላው ይሻላል። ልጅ ላለበት ቤት ግን በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሲጋራ ለኩሶ አያጨስም፤ ከረሜላ ግን አይቶ አያልፍም። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የአዋቂ መጠን 10 ሚሊግራም ሲሆን አንድ ፓኬት እስከ 100 ይይዛል። ፓኬቱን የጨረሰ ሕፃን የአሥር አዋቂ ድርሻ ወሰደ ማለት ነው። ከ6 ዓመት በታች ሆነው የሚበላ ማሪዋና በመውሰዳቸው ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ሪፖርት የተደረጉ ልጆች በ2017 ዓ.ም. 207 ነበሩ፤ በ2021 3,054 ደርሰዋል (እ.ኤ.አ.)።

ልጃችሁ ያለ ምክንያት ከደነዘዘ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ይህንንም ጠርጥሩ። ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከተቸገረ 911 ደውሉ። ሌላ ከሆነ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 በነፃ፣ 24 ሰዓት ይሠራል። በግድ አታስታውኩት፤ «ተኝቶ ይነሣል» ብላችሁም አትጠብቁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ወላጅ አፍሮ ሲደብቅ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን ፍለጋ ሕፃኑን ራስ ሲቲ ስካን ያስነሣዋል፣ ከጀርባው ፈሳሽ ይቀዳል። አንድ እውነተኛ ቃል ይህን ሁሉ ታስቀራለች።

የእኔ ምክር፦ ልጅ ባለበት ቤት ባይኖር ይመረጣል። ካለም በቁልፍ፣ ከምግብና ከረሜላ ርቆ ይቀመጥ። እንግዳ ሲመጣም ቦርሳውን ከልጆች አርቁ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ጤናችሁ ይብዛ። ለሌሎች ወላጆችም አጋሩት።