ለጉድጓድ ከማዋጣታችን በፊት ካርታው የት አለ እንበል



አቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች ነገራችን ይገርማል። ለአዲስ አበባ ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውኃ ብዙው የሚወጣው ከእኛው ደጃፍ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ ሽቅብ እየተገፋ ከተማውን ያጠጣል፤ እኛ ፈረቃ እየጠበቅን ጀሪካን እንደረድራለን። ስለዚህ «ለመስጂዱ ጉድጓድ እናስቆፍር» የሚል ጥሪ ሲመጣ ኪሳችን ቶሎ ይፈታል። ዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች መስጠታቸውን ያልሰማ የለም።

ሰደቀቱል ጃሪያውን አልቃወምም። የምቃወመው አካሄዳችንን ነው። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ማሽኑ ይመጣል፤ ቦታው ግን የሚመረጠው የግቢው ጥግ ባዶ ስለሆነ ወይም «ጎረቤት ጋር ወጥቷል» ስለተባለ ነው። የአቃቂ መሬት በዚህ አይገመትም። ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ውኃው የሚገኘው ቀዳዳ በበዛበት ባዛልት፣ መንገድ በምንደለድልበት የሬድ አሽ ዓይነት ድንጋይና በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ነው። ስንጥቁን ትንሽ ከሳቱት የጀመዓው ገንዘብ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሳተላይት ከምድር በታች አያይም፤ ምልክት ነው የሚያነበው። ላንድሳትና ሴንቲኔል በነፃ በሚለቋቸው ምስሎች ላይ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር መስመር፣ ወይም ወንዝ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ከስር ስንጥቅ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ይህ ከተዳፋቱ፣ ከአለቱ፣ ከአፈሩና ከዝናቡ ካርታ ጋር በጂአይኤስ ይነባበርና ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል። ክብደቱን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ስህተትም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ ሜዳ መሬት ውኃ ያሰርጋል ተብሎ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። የአቃቂ ሜዳ ግን ብዙው መረሬ ነው፤ ክረምት ውኃውን ላዩ ላይ አቁሮ የሚይዝ አፈር። አገሩን የማያውቅ ሰው ከቢሮ ተቀምጦ የሠራው ካርታ እዚህ ላይ ያሳስታል።

የጎረቤታችንን የኬንያን ነገር እናስታውስ። በ2013 እ.ኤ.አ. በቱርካና ግዙፍ የከርሰ ምድር ውኃ በሳተላይት ተገኘ ተብሎ ዓለም አወራ። በኋላ ሎቲኪፒ ላይ ተቆፍሮ ሲመረመር ውኃው ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ካርታው የት እንደምንፈልግ ይነግረናል እንጂ ምን እንደምንጠጣ አይነግረንም። ከእሱ በኋላ መሬት ላይ የጂኦፊዚክስ ልኬት፣ ከቁፋሮው በኋላም የላቦራቶሪ ምርመራ አይቀርም። የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወርደው በትንሹ አቃቂ ዳር ለምንኖር ደግሞ ምርመራው ቅንጦት አይደለም።

ይህ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሂሳብ ሊቁ አል-ከረጂ ከሺህ ዓመት በፊት የተሰወረ ውኃን ስለማውጣት ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል። ዛሬ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል። በየሰፈራችን ጂኦሎጂ፣ ሰርቬይንግና ሲቪል ምህንድስና ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ መስጂዱ ግን የሚጠራቸው ወንበር ለመደርደር ነው።

የጥናቱ ወጪ ከቁፋሮው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ የመዋጮ ሳጥኑ ሲዞር ሳንቲማችንን እንጣል፤ ከሶላት በኋላ ደግሞ ኮሚቴውን በአደብ እንጠይቅ፦ ጥናቱን ማን ሠራው? ወረቀቱንስ ማየት እንችላለን?

ወላሁ አዕለም