ኦዲተሩን ማን ይሰይም?

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ተመርማሪው መርማሪውን በዕጩነት ያቀርባል ማለት ነው። መፍትሔው የሕዝብ ምርጫ ይመስላል፤ በአሜሪካዋ ኦሃዮ የካውንቲ ኦዲተሮች በየ4 ዓመቱ ይመረጣሉ። ይሁን እንጂ ተመራጭ ፓርቲና የቅስቀሳ ገንዘብ ያሻዋል፤ ሁለቱም ባለዕዳ ያደርጉታል።

ችግሩ ወደ ታች ሲወረድ ይብሳል። እንደ ነገሌ ቦረና ባሉ ከተሞች ሒሳቡን በቅርብ የሚያየው የውስጥ ኦዲተር ግኝቱን የሚያቀርበው ለዚያው ለሚመረምረው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው። ለአካባቢው ግን ባለሥልጣንን በሌላ አካል ማስመርመር እንግዳ አይደለም። በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው የቦረና ጉሚ ጋዮ የአባ ገዳውን አመራር በአደባባይ ይመዝናል፤ ከሥልጣን እስከማውረድም ይደርሳል። ጉባኤው ሒሳብ አይመረምርም እርግጥ፤ ዳኝነቱ ግን በተዳኚው እጅ አይደለም።

ስለዚህ ሹመቱ ይቆይ፤ ዕጩ የማቅረቡ ሥልጣን ግን ከአስፈጻሚው ወጥቶ በተቃዋሚ አባል ለሚመራ የምክር ቤት ኮሚቴ ይሰጥ። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የመራው የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበር። በከተሞችም የውስጥ ኦዲተሩ ተጠሪነት ወደ ከተማው ምክር ቤት ይዛወር።