ሚዛኑ ለዕቃ ብቻ ነው?

የመርካቶ ነጋዴ ከገዛው ኩንታል ላይ ግማሽ ኪሎ ብትጎድልበት «እንደገና ይመዘን» ይላል። ደላላውም ከድርሻው ጥቂት ብር ከተነካችበት ዝም አይልም። የሠራተኛ ደመወዝ ላይ ሲደረስ ግን ሚዛኑ ጓዳ ይገባል።

አንድ የማውቃቸው ጅምላ ነጋዴ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ነበሯቸው። አንዷ ሰባት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ዱቤውን በቀኑ የሚከፍለውንም ሆነ የሚያመላልሰውን ደንበኛ በቃሏ ታውቃለች። ሌላው በቅርቡ የተቀጠረ የእህታቸው ልጅ ነው። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ሆና ሳለ ደመወዙ ከእሷ በለጠ። ነጋዴው ለምን ሲባሉ «እሱ ነገ ትዳር ይይዛል፤ እሷ እንደሆነ ባል አላት» አሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሏል ይኼ ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። «ባል አላት» የሚባል የደመወዝ እርከን በሁለቱም ውስጥ የለም።

«ገንዘቡ የራሴ፣ ለፈለግሁት እሰጣለሁ» የሚሉ አይጠፉም። ለዘመድ ከኪስ መስጠት ደግ ነው። ስጦታን ደመወዝ ብሎ መመዝገብ ግን ሒሳብ ማዛባት ነው። እኩልነት ሲባልም ሁሉም አንድ ዓይነት ይከፈለው ማለት አይደለም። ልምድና ኃላፊነት ልዩነት ቢያመጡ ማንም አይከፋውም። የሚያስከፋው ምክንያቱ ሊነገር የማይችል ልዩነት ነው።

ሴትዮዋ ጎረቤት መደብር ገባች። የዱቤ መዝገቡ እዚያው ቀረ፤ ማን በምን ቀን፣ በምን አነጋገር እንደሚከፍል የሚያውቀው ጭንቅላት ግን አብሯት ሄደ። ነጋዴው ዛሬ ዱቤያቸውን ለመሰብሰብ ራሳቸው ይዞራሉ።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የለውም። ለየሥራ መደቡ መነሻና ጣሪያ ደመወዝ ይጻፍ፤ ጭማሪ በምን እንደሚገኝም ይነገር። የትርፍ ሰዓት ክፍያም በአዋጁ ልክ ይታሰብ። የሰዓት ደመወዙ 30 ብር የሆነ ሠራተኛ በቀን ትርፍ ሰዓት 45፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር ይገባዋል፤ ዘመድ ሆነ ባዳ፣ ወንድ ሆነ ሴት።

የደመወዝ መዝገቡን ለሠራተኞቹ ለማሳየት የሚያፍር ነጋዴ ካለ፣ ቀድሞ ሚዛኑን ያስተካክል።